በጨውና በበረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን
አንዱ አቶም ስለ ምን ሁለት ዓይነት ጠባይ ያሳያል?

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። በጣና ዳር ለሚኖር ሰው ግን ችግሩ የውኃ ማጣት ሳይሆን የውኃው ንጽሕና ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ተኝቶ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን፥ በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ጥቂት ነው፤ እጅግ ጠለቀ በሚባልበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። በክረምት ወራት ግልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ከየደጋው አፈሩንና ፍጉን፥ በየሜዳው የተጣለውንም ዐይነ ምድር ጠርገው ያገቡበታል። ከዚህ ውኃ ቀድቶ ሳያጠልልና ሳያክም የሚጠጣ ሰው ተቅማጥን፥ ታይፎይድን፥ ኮሌራንም ከእንስራው ጋራ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል።

ለዚህ መከላከያ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ክሎሪን ነው። በከተማ የቧንቧው ውኃ ለሕዝብ ከመታደሉ በፊት ክሎሪን ይጨመርበታል፤ በየቤቱም ውኃ አጋርን የመሰለ ፈሳሽ ወይም የክሎሪን እንክብል ይሠራበታል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ክሎሪን ምን እንደ ሆነ ስለማያውቅ፥ አንዳንዱ ከልክ በላይ ይፈራዋል፤ አንዳንዱም ከልክ በላይ ይተማመንበታል። ደግሞም አስተዋይ ሰው እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ «የወጥ ጨው ክሎሪን አለበት ይባላል፤ በረኪናም ክሎሪን አለበት ይባላል። እንግዲያስ በመጠጥ ውኃ ውስጥ ጨው ብንጨምር ጀርሙን አይገድልልንምን? በረኪናስ መርዝ ከሆነ ጨውን ስለ ምን እንበላለን?»

መልሱ ባጭሩ ይህ ነው። በጨውና በበረኪና ውስጥ ያለው አቶም አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ አንዱ የጠገበ፥ ሁለተኛው የተራበ መሆኑ ነው። የሚራበውም ኤሌክትሮንን ነው። ይህን ነገር በሚገባ የተረዳ ሰው፥ ክሎሪን በምን ጊዜ እንደሚያድነው፥ በምን ጊዜ እንደማያድነው፥ በምን ጊዜም እንደሚጎዳው ራሱ ሊፈርድ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምረዋለን።

1ኛ/ የክሎሪን አቶም

በዓለም ያለው ቁስ ሁሉ አቶም ከሚባሉ እጅግ ረቂቅ ነገሮች የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ አቶም መካከል እምብርት አለ፤ በእምብርቱ ዙሪያም ኤሌክትሮን የሚባሉ፥ የመቀነስ (ኔጋቲቭ) ኤሌክትሪክ ያላቸው ነገሮች በየክፍላቸው ተደርድረው ይገኛሉ። በእምብርቱ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች ደግሞ የመደመር (ፖዘቲቭ) ኤሌክትሪክ አላቸው። የክሎሪን አቶም 17 ፕሮቶንና 17 ኤሌክትሮን አለው። መደመሩና መቀነሱ እኩል ስለ ሆነ አቶሙ በጠቅላላው ከሁለቱም ወገን አይደለም።

የ17ቱ ኤሌክትሮኖች አሰላለፍ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው ክፍል 2፥ በሁለተኛው 8፥ በውጭኛው 7 ናቸው። ይህ የውጭኛው ክፍል በ8 ሲሞላ አቶሙ ይረጋጋል። ስለዚህ የክሎሪን አቶም ስምንት ሰው በሚከበው ማዕድ ሰባት ብቻ እንደ ተቀመጡበት ቤት ነው፤ አንድ ቦታ ባዶ ነው። እምብርቱም ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት ከሌላ አቶም ኤሌክትሮን ለመሳብ ብርቱ ኀይል አለው። የክሎሪን ጠባይ ሁሉ፥ ጥቅሙም ጉዳቱም፥ የሚመጣው ከዚህች ከአንዲት የጎደለች ኤሌክትሮን ነው።

ይህን የጎደለ ቦታ የሚሞላበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ኤሌክትሮኑን ከሌላው አቶም ጨርሶ መውሰድ ነው። ሁለተኛው ከሌላው አቶም ጋራ ተካፍሎ መያዝ ነው።

2ኛ/ ጨርሶ መውሰድ፤ አዮን

ሶዲየም የሚባል ለስላሳ ብረት አለ። አቶሙ 11 ኤሌክትሮን ሲኖረው አሰላለፉ 2፥ 8 እና 1 ነው። በውጭኛው ክፍል ያለችው አንዲቱ ኤሌክትሮን ብትሄድለት፥ ከሥሯ ያለው ሙሉው ስምንት ብቻውን ይቀርለታል። እንግዲህ አንዱ አንዲት ኤሌክትሮን ይተርፈዋል፥ ሌላው አንዲት ይጎድለዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ሶዲየም ይሰጣል፤ ክሎሪን ይቀበላል።

ከዚህ በኋላ ሁለቱም እንደ ቀድሞው አይደሉም። ሶዲየም 11 ፕሮቶን ይዞ 10 ኤሌክትሮን ስለ ቀረው የመደመር ኤሌክትሪክ ይኖረዋል። ክሎሪን ደግሞ በ17 ፕሮቶን ላይ 18 ኤሌክትሮን ስለ ያዘ የመቀነስ ኤሌክትሪክ ይኖረዋል። እንዲህ ኤሌክትሮን በመስጠት ወይም በመቀበል ኤሌክትሪክ ያደረበት አቶም አዮን ይባላል። አዮን የሆነውም ክሎሪን ስሙ ተለውጦ ክሎራይድ ይባላል። መደመርና መቀነስ ስለሚሳሳቡ የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖች ተጣብቀው፥ በየረድፋቸው ተደርድረው ጠጣር ነገር ይሆናሉ። ይህም መሳሳብ የአዮን ማሰሪያ (አዮናዊ ቦንድ) ይባላል።

ይህ ጠጣር ነገር ጨው ነው። ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ ተቈርጦ፥ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው አገር ይመጣ የነበረው፥ በገበያም እንደ ገንዘብ ሲሠራበት የኖረው አሞሌ ይኸው የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖች ድርድር ነው። ሶዲየም ለብቻው ከውኃ ጋራ ሲገናኝ የሚቃጠል ብረት ነው፤ ክሎሪን ለብቻው ሳንባን የሚያቈስል፥ አረንጓዴና ቢጫ መልክ ያለው ጋዝ ነው። ሁለቱ ግን ኤሌክትሮን ከተሰጣጡ በኋላ የምግብ ማጣፈጫ ይሆናሉ።

ጨው በውኃ ሲሟሟ ድርድሩ ይፈርሳል፤ አዮኖቹም ተለያይተው በውኃው ውስጥ ይሠራጫሉ። ክሎራይዱ ግን የወሰዳትን ኤሌክትሮን እንደ ያዘ ነው። ማዕዱ ሞልቶለታልና ከሌላ ነገር ኤሌክትሮን አይቀማም። በመጠጥ ውኃ ውስጥ የተጨመረ ጨው ጀርም የማይገድልበት ምክንያት ይህ ነው። እንዲያውም የኮሌራ ጀርም ወንዝና ባሕር በሚቀላቀሉበት፥ መጠነኛ ጨው ባለበት ውኃ ውስጥ ተመችቶት የሚኖር ፍጥረት ነው። ስለዚህ ጨው ጣል አድርጎበት «ውኃውን አከምሁት» የሚል ሰው ራሱን ያታልላል።

3ኛ/ ተካፍሎ መያዝ፤ መቀናጆ

በጎጃምና በጎንደር አገር ነጠላ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ብቻውን ሊያርስ አይችልም። ስለዚህ እንደ እርሱ ነጠላ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋራ ይቀናጃል። ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ይጠመዳሉ፤ ጥማዱም የሁለቱም ገበሬዎች ይሆናል። ይህ መቀናጆ ይባላል። አንዱ ገበሬ በሬውን ለሌላው ጨርሶ ቢሰጥ ግን መቀናጆ አይባልም።

በአቶሞችም ዘንድ እንዲሁ ነው። ሁለት የክሎሪን አቶሞች ብቻቸውን ቢገናኙ፥ ሁለቱም ፈላጊ እንጂ ሰጪ አይደሉም። ስለዚህ እያንዳንዱ አንዲት ኤሌክትሮን አዋጥቶ፥ ሁለቱን ኤሌክትሮኖች በጋራ ይይዛሉ። ጥማዷ ለሁለቱም ስለምትቈጠር እያንዳንዱ ስምንት የሞላለት ይመስላል። ይህ በመካፈል የሚገኝ ትስስር ኮቫለንት ቦንድ ይባላል። የክሎሪን ጋዝ ማለት እንዲህ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀናጁ የክሎሪን አቶሞች ማለት ነው። የኬሚስትሪ ሊቅ የነበረው አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ አቶሞች በጥንድ ኤሌክትሮኖች እንደሚተሳሰሩ የሚያስረዳውን ጽሑፍ ያወጣው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1916 ዓ.ም. ነበር።

መቀናጆ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። አንዱ ገበሬ ጉልበተኛ ከሆነ ጥማዱን ወደ ራሱ ማሳ አዘውትሮ ይወስደዋል። ኦክሲጅን ኤሌክትሮንን በመሳብ ከክሎሪን ይበረታል። ስለዚህ ክሎሪን ከኦክሲጅን ጋራ ሲቀናጅ፥ የጋራዋ ጥማድ ወደ ኦክሲጅን ታዘነብላለች፤ ክሎሪኑም ለይምሰል ተቀናጅቶ በእውነቱ ከቀድሞው ይልቅ የተራበ ሆኖ ይቀራል። ውኃን የሚያክመው ክሎሪን ይህ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። የክሎሪን ጋዝ በውኃ ሲገባ ጥንዱ ይለያያል። አንዱ አቶም የጋራውን ኤሌክትሮን ይዞ ክሎራይድ አዮን ይሆናል፥ ማለትም ይጠግባል። ሁለተኛው ከውኃው ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን ጋራ ተያይዞ ሃይፖክሎረስ አሲድ የሚባለውን ያስገኛል። በረኪናና ውኃ አጋርም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ነገር በውኃ የሟሟባቸው ናቸው። በዚህ ነገር ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ማሰሪያ ይገኛል። ክሎሪንና ኦክሲጅን እርስ በርሳቸው በመቀናጆ ተይዘዋል፤ ሶዲየም ግን ከእነርሱ ጋራ በአዮን ማሰሪያ ነው የቆመው። በመጠጥ ውኃ ላይ ሲጨመርም ከፊሉ ያንኑ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሆናል።

4ኛ/ ጀርምን እንዴት ይገድላል?

ሃይፖክሎረስ አሲድ በጠቅላላው ኤሌክትሪክ የሌለበት ትንሽ ነገር ስለ ሆነ በጀርሙ ቆዳ አልፎ ለመግባት አይከለከልም። ከገባም በኋላ የተራበው ክሎሪን ጀርሙ ከተሠራባቸው ነገሮች ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃል። ጀርሙ የሚተነፍስባቸውና የሚመገብባቸው ፕሮቲኖች ኤሌክትሮናቸውን ሲነጠቁ ቅርጻቸው ይበላሻል፤ ሥራቸውም ይቆማል፤ ጀርሙም ይሞታል። ክሎሪኑ ደግሞ ሁለት ኤሌክትሮን ከነጠቀ በኋላ ከኦክሲጅኑ ተላቆ ክሎራይድ ይሆናል። ይህም ጨው ውስጥ ያለው ያው የጠገበ አዮን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ የሠራ ክሎሪን መርዝ ሆኖ አይቀርም። በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ የሚጨመረው ክሎሪን ከ2 እስከ 4 ሚሊግራም ያህል ነው። ይህ ሁሉ ወደ ክሎራይድ ቢለወጥ በወጥ ውስጥ ከምንበላው ጨው ጋራ ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሁለተኛ፥ የሠራ ክሎሪን ዳግመኛ አይሠራም። ዛሬ ጧት የታከመ ውኃ ማታ ቆሻሻ ኩባያ ቢነከርበት፥ የሚጠብቀው የተራበ ክሎሪን ካልቀረለት በቀር ይበከላል።

የገዛ ሰውነታችንም ይህን ጥበብ ያውቀዋል። ጀርም በቊስል በኩል ሲገባ፥ ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዳንዶቹ ከደም ውስጥ ካለው ክሎራይድ ሃይፖክሎረስ አሲድ ሠርተው ጀርሙን ይገድሉበታል።

የሰው ልጅ ግን ይህን ነገር ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ስዊድናዊው ካርል ሼሌ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1774 ዓ.ም. የክሎሪንን ጋዝ አገኘ፤ እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪም በ1810 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን አስረድቶ ስሙን አወጣለት። በ1847 ዓ.ም. ሐኪሙ ኢግናዝ ዜመልቫይስ በቪየና ከተማ የሚያዋልዱ ሐኪሞች እጃቸውን ክሎሪን ባለበት ውኃ እንዲታጠቡ ቢያዝ የወላዶች ሞት እጅግ ቀነሰ። በ1908 ዓ.ም. በአሜሪካ የጀርሲ ሲቲ ከተማ የመጠጥ ውኃ ዘወትር በክሎሪን ይታከም ጀመር። በአንጻሩም በ1915 ዓ.ም. በኢፕር ጦር ሜዳ ይኸው ክሎሪን በጋዝነቱ ሰው ተገደለበት። አቶሙ አንድ ነው፤ ያለበት ሁኔታና መጠኑ ግን ነገሩን ይለውጠዋል።

5ኛ/ የሐይቅ ውኃ ስለ ምን ብዙ ክሎሪን ይፈጃል?

የተራበ ክሎሪን ጀርምን ከሌላ ነገር ለይቶ አያውቅም። ኤሌክትሮን የሚገኝበትን ሁሉ ያጠቃል። በክረምት የጣና ውኃ ሲደፈርስ፥ በውስጡ የበሰበሰ ቅጠል፥ አልጌ፥ የእምቦጭ ብስባሽና ፍግ ይኖርበታል። ክሎሪኑ በእነዚህ ላይ ጕልበቱን ጨርሶ ክሎራይድ ይሆናል፤ ጀርሙም በጭቃው ቅንጣት ውስጥ ተሸሽጎ ይድናል። ሽንትና ፍግ የገባበት ውኃ ደግሞ አሞኒያ አለበት። ክሎሪን ከአሞኒያው ናይትሮጅን ጋራ ሲቀናጅ ክሎራሚን የሚባል ነገር ይሆናል፤ ይህም ጀርም ለመግደል ከሃይፖክሎረስ አሲድ እጅግ የሚደክም ነው።

ከብስባሹ ካርቦን ጋራ በመቀናጆ የሚቀሩም የክሎሪን አቶሞች አሉ። እነዚህን ነገሮች ለብዙ ዘመን አብዝቶ መጠጣት አይወደድም። ነገር ግን ከእነርሱ የሚመጣው ሥጋት ያልታከመ ውኃ ከሚያመጣው ሞት ጋራ ሲመዛዘን ትንሽ ነው። ለሁሉም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ይኸውም ውኃውን አስቀድሞ ማጥለልና ከዚያ በኋላ ማከም ነው።

የውኃውም ጠባይ ነገር አለው። ውኃው ወደ አሲድነት ሲያደላ ሃይፖክሎረስ አሲዱ ይበዛል። ወደ አልካሊነት ሲያደላ ግን አሲዱ ሃይድሮጅኑን አጥቶ ሃይፖክሎራይት አዮን ይሆናል። ይህ አዮን የመቀነስ ኤሌክትሪክ አለው፤ የጀርሙም ቆዳ እንዲሁ የመቀነስ ኤሌክትሪክ ስላለው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ግድያውም ይዘገያል። የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) 7.5 ሲሆን ሁለቱ እኩል ለእኩል ናቸው፤ 8.5 ሲደርስ ግን አሲዱ ከመቶ 10 ያህል ብቻ ይቀራል። ክሎሪን ከተጨመረ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቁ የሚባለው ይህን ሁሉ ለማሸነፍ ጊዜ ስለሚያስፈልገው ነው።

ክሎሪን የማይበረታባቸውም ነገሮች እንዳሉ ማወቅ ይገባል። የወስፋት ዕንቁላልና ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተሐዋስ ሽፋናቸው ጠንካራ ስለ ሆነ ለቤት በሚታዘዘው መጠን አይሞቱም። የአሜባና የጃርዲያ ሽፋንም ከተራ ጀርም ይልቅ ይከራከራል። ለእነዚህ ማጥለልና ማፍላት ይሻላል። በባሕር ዳር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቢሆንም በሚገባ ከተንፈቀፈቀ ተሐዋስያኑን ይገድላል። ብልሃርዝያ ደግሞ በሐይቁ ዳር ሲታጠቡና ሲዋኙ በቆዳ የሚገባ ስለ ሆነ፥ በእንስራ ያለውን ውኃ ማከም ብቻውን ከእርሱ አያድንም።

6ኛ/ ኮሌራና የክሎራይድ መፍሰስ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ዞን በቋራ ወረዳ፥ ወደ በርሜል ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸበል በተሰበሰበው ብዙ ሕዝብ መካከል ኮሌራ ተነሥቶ፥ ወደ ሌሎችም የክልሉ ወረዳዎች ተዛምቶ ነበር። ብዙ ሰው በአንድ ስፍራ ሲሰበሰብ፥ በቂ መጸዳጃና የታከመ የመጠጥ ውኃ ከሌለ፥ ስፍራው የተቀደሰም ቢሆን፥ ገበያም ቢሆን፥ የሥራ ሰፈርም ቢሆን የበሽታው መንገድ ያው ነው።

ኮሌራ ሰውን እንዴት እንደሚገድል ቢመረመር፥ ነገሩ እንደገና ወደ ክሎሪን አዮን ይመልሰናል። ጀርሙ አንጀት ውስጥ ገብቶ መርዝ ያወጣል። መርዙም በአንጀት ሕዋሳት ላይ ያለውን፥ ክሎራይድ አዮን የሚያልፍበትን በር ከፍቶ ይተወዋል። ክሎራይዱ ከሰውነት ወደ አንጀት ይጎርፋል። ክሎራይድ የመቀነስ ኤሌክትሪክ ስላለው የመደመር ኤሌክትሪክ ያለው ሶዲየም ይከተለዋል፤ ጨው የሄደበትንም ውኃ ይከተለዋል። የሩዝ እጣቢ የመሰለው ተቅማጥ ይህ ነው። ብርቱ በሽታ የያዘው ሰው ካልታከመ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

መድኃኒቱ የጠፋውን መመለስ ነው። የመርዙ ሥራ የክሎራይዱን በር መክፈት ነው እንጂ፥ ሶዲየምና ግሉኮስ ተያይዘው የሚገቡበትን ሌላ በር አይዘጋም። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተሠራው ይህን በር ታስቦ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ የሚበጠበጠው 2.6 ግራም የወጥ ጨው፥ 13.5 ግራም ግሉኮስ፥ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት አለበት። ስኳሩ ሶዲየሙን ይዞ ይገባል፤ ክሎራይዱና ውኃው ይከተላሉ። በጊዜው ከታከሙ ሰዎች መካከል ከመቶ አንዱ እንኳ አይሞትም። እንግዲህ የተራበው ክሎሪን ጀርሙን በእንስራ ውስጥ ይገድላል፤ የጠገበው ክሎሪን ደግሞ በሽተኛውን ያድናል። አንዱ በሌላው ቦታ ግን አይገባም። ጨው ውኃ አያክምም፤ በረኪናም ለበሽተኛ አይጠጣም።

7ኛ/ ተጠንቀቁ

በረኪናን ከሎሚ፥ ከኮምጣጤ ወይም አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋራ መቀላቀል ክልክል ነው። አሲድ ሲነካው ጠግቦ የነበረው ክሎራይድና የተራበው ክሎሪን እንደገና ተቀናጅተው የክሎሪን ጋዝ ይሆናሉ። ጋዙ ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሳንባን ያቈስላል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋራም አይቀላቀልም፤ ክሎራሚን ጋዝ ያወጣልና። ጋዝ የሸተተው ሰው ዕቃውን ጥሎ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ። ፀሐይና ሙቀትም ሃይፖክሎራይቱን ቀስ በቀስ ወደ ክሎራይድ ይለውጡታል። በመስኮት ላይ ብዙ ጊዜ የቆየ ጠርሙስ በስሙ መድኃኒት፥ በውስጡ ግን ከጨው ውኃ ብዙ የማይለይ ሊሆን ይችላል።

8ኛ/ በቤት የሚሠራ ሥርዐት

ሀ/ ከሐይቅ ወይም ከወንዝ የተቀዳ ውኃ በመጀመሪያ ዝቃጩ እስኪወርድ ይቀመጥ፤ ከዚያም አራት እጥፍ በሆነ ንጹሕ ጨርቅ ይጠለል።

ለ/ ለመጠጥ ተብሎ የተዘጋጀ መድኃኒት ይመረጥ፤ በመለያው የተጻፈውም መጠን ይጠበቅ። ሽቶ ወይም ሳሙና የተቀላቀለበት በረኪና ለመጠጥ ውኃ አይሆንም።

ሐ/ ስሌቱን ማወቅ ይጠቅማል። ለጠራ ውኃ በሊትር 2 ሚሊግራም ቢሆን ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ሚሊግራም ነው። ከመቶ 1.25 እጅ ክሎሪን ያለበት ፈሳሽ በአንድ ሚሊሊትር 12.5 ሚሊግራም ይይዛል። ስለዚህ ከ3 ሚሊሊትር ትንሽ አለፍ ያለ ይበቃል። ከተጠለለም በኋላ ደፍረስ ላለ ውኃ እጥፉ ይጨመራል።

መ/ ጀሪካኑ ተዘግቶ፥ ተነቅንቆ፥ ሠላሳ ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በኋላ ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ቢኖር መልካም ምልክት ነው፤ ከጀርሙ ተርፎ የሚጠብቅ የተራበ ክሎሪን አለ ማለት ነውና። በመለኪያ ሲታይ ይህ ትርፍ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ያህል፥ እስከሚጠጣ ድረስም ከ0.2 ያላነሰ ሊሆን ይገባል።

ሠ/ የታከመው ውኃ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ። በወይራ የታጠነ እንስራ ለጠላ ያማረ ነው፤ ክሎሪን ለተጨመረበት ውኃ ግን አይመረጥም። ጭሱ የተወው ነገር ክሎሪኑን ይፈጃል፥ ጣዕሙንም ያከፋል።

ረ/ ውኃው በቧንቧ ወይም በጭልፋ ይቀዳ እንጂ እጅና ኩባያ አይነከርበት።

ሰ/ መድኃኒቱ ከፀሐይ ርቆ፥ በቀዝቃዛና በጨለማ ስፍራ፥ ሕፃናት በማይደርሱበት ይቀመጥ።

የመከለሻ ጥያቄዎች

1. የክሎሪን አቶም በውጭኛው ክፍሉ ስንት ኤሌክትሮን አለው? ስንትስ ይጎድለዋል?
2. በአዮን ማሰሪያና በኮቫለንት ቦንድ መካከል ያለውን ልዩነት በበሬና በቀንበር ምሳሌ አስረዱ።
3. ጨው ክሎሪን እያለበት የመጠጥ ውኃን ከጀርም የማያነጻው ስለ ምን ነው?
4. የደፈረሰ ውኃ ሳይጠለል ክሎሪን ቢጨመርበት ክሎሪኑ ምን ይሆናል?
5. በኮሌራ የታመመ ሰው የሚያጣው የትኛውን አዮን ነው? በምንስ ይመለስለታል?

እነዚህን ጥያቄዎች አንባቢው ለራሱ ከመለሰ በኋላ፥ ማንበብ ለማይችሉ ለቤተ ሰቡና ለጎረቤቶቹ በቃል ቢያስረዳ ትምህርቱ ፍሬ አፈራ ይባላል። በቤት ውኃውን የምትቀዳው እናት ወይም ልጅ ስለ ሆነች፥ ከሁሉ አስቀድሞ ለእርሷ ይነገር።